የረገበች የነዳጅ ገመድ



የአሮጌ መኪና ባለቤት መኪናው ዳገት ላይ «አልሄድም» ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ካንዴላ ይቀየራል፤ የነዳጅ ማጣሪያ ይቀየራል፤ ካርቡራቶሬው ተፈትቶ ይታጠባል፤ አልፎ አልፎም «ሞተሩ ይከፈት» የሚል ምክር ይመጣል። ከፔዳሉ ተነሥታ እስከ ሞተሩ የምትዘልቀውን ቀጭን የብረት ገመድ ግን ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው። ፔዳሉ ወለሉን እስኪነካ ከተረገጠ ሞተሩም እስከ ጥጉ የተከፈተ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን የእግር ትእዛዝ ወደ ሞተር የሚሄደው በዚያች ገመድ በኩል ብቻ ነው። እሷ ከረገበች እግር ያዘዘው ሁሉ ሞተሩ ዘንድ አይደርስም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያቺ ገመድ ናት፤ መካኒኮች የነዳጅ ኬብል የሚሏት። ርግበቷን ለማስወገድ ሁለት ቁልፍ፣ ወይም ጥቂት ሮንዴላና የፕላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል። ማጥበቁን ማንም ይችለዋል። የሚከብደው ርግበቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው፤ ከዚያም ምን ያህሉ መወገድ፣ ምን ያህሉም የግድ መቅረት እንዳለበት መለየት።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ አይደለም። በተለምዶ ዲኤክስ የሚባለው የ1980ዎቹ ኮሮላ ዛሬም ቤተሰብ ያመላልሳል፤ ቮልስዋገን ቢትልም ከየሰፈሩ አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጁ ያለውን አሮጌ መኪና ጠጋግኖ ማቆየት ለብዙ ሰው ከምርጫ ወደ ግዴታ እየተጠጋ ነው።

ገመዷ መጀመሪያ ለመኪና የተሠራች አይደለችም። የዘዴው ባለቤት ኧርነስት ሞኒንግተን ባውደን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ብሪታንያ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ብዙ ሰው ይህን ሰው ከራሌ ብስክሌት ኩባንያ መሥራች ከፍራንክ ባውደን ጋር ያምታታዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የባውደን ገመድ ከብስክሌት ፍሬን ወደ ሞተር ብስክሌት፣ ከዚያም ወደ መኪና ፍሪሲዮን፣ የእጅ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ተዛመተ።

የባውደን ብልሃት በሽቦው ብቻ ሳይሆን በሽፋኑም ውስጥ ነው። ከውስጥ ተሸርቦ የተሠራ የብረት ሽቦ አለ። በላዩ ላይ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ብረት ያለበት፣ ከውጭ ፕላስቲክ የለበሰ ሰገባ አለ፤ ከጊዜ በኋላ በመጡት ዓይነቶች ደግሞ የሰገባው ውስጥ በናይለን ወይም በቴፍሎን ተለብጧል። የሰገባው ሁለት ጫፎች አይንቀሳቀሱም፤ አንደኛው የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ላይ ባለው መያዣ ብረት ላይ ተደግፏል። ፔዳሉ ሽቦውን ሲስብ ሰገባው በተቃራኒው ይገፋል። መንገዱ እንዴትም ቢጠማዘዝ ጉልበቱ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰገባው ባይኖር ሽቦው ሲሳብ ጥምዝምዙን አቃንቶ ባዶ ይቀር ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ የርካሽ ጥገናው ሁሉ መሠረትም እሱ ነው። ሰገባውን ማስረዘም ሽቦውን ከማሳጠር ጋር እኩል ነው። የረገበ ገመድ ሽቦው ሊቆረጥና ሊቀጠል አይገባውም፤ የሰገባው ጫፍ ከመደገፊያው ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ቢገፋ ሽቦው በዚያው ልክ ይወጠራል። የብስክሌት ፍሬኑን በእጀታው ሥር ባለችው ጥርስ ባላት ቀለበት አጥብቆ የሚያውቅ ልጅ ይህንን ሳይማር ያውቀዋል።

ሁሉም መኪና ግን ገመድ የለውም። አዲስ አበባን ለዓመታት ያመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ካርቡራቶሬያቸውን የሚከፍቱት በተጋጠሙ የብረት ዘንጎች ነው፤ እነሱ ላይ «ርግበት» ከተሰማ የሚታየው የዘንጎቹ መጋጠሚያ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1987 በ12 ሲሊንደሩ 750 ሞዴል ላይ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር በኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ አገናኘ፤ ከ2000 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ መኪኖችም ተከተሉት። መለየቱ ቀላል ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ አየር ወደሚስብበት አፍ ተመልክቶ፣ ከጎኑ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ዘዋሪ ብረትና በላይዋ የተጠመጠመ ሽቦ ያገኘ ባለመኪና ይህ ንግግር ይመለከተዋል። የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ያየ አይመለከተውም፤ እሱ የሚያጠብቀው ገመድ የለውም።

ገመዷ የምትስበውም ከሞተር ሞተር ይለያያል። በቤንዚን መኪና የምትከፍተው ነዳጅን ሳይሆን አየርን ነው። በአየር መግቢያው ውስጥ ቢራቢሮ የምትባል ክብ ሳህን አለች፤ ገመዷ ስትሳብ ቢራቢሮዋ ዞራ አየር ታሳልፋለች። ነዳጁን እንደ አየሩ መጠን የሚያክለው ካርቡራቶሬው ወይም ኮምፒዩተሩ ነው። በናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ በአሮጌው ሃይስ ሚኒባስና በ1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ ገመዷ የምትስበው የናፍጣውን ፓምፕ ምላስ ነው። የርግበቱ ሒሳብ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የዘዋሪዋ ብረት ራዲየስ 22 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 90 ዲግሪ ለመዞር 35 ሚሊሜትር ገደማ ሽቦ ትፈልጋለች። ከዚያ ላይ 5 ሚሊሜትር በርግበት ቢጠፋ 13 ዲግሪ ያህል ዙረት ይጎድላል። ፔዳሉ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጎላል። እግር የሚያርፍበት ቦታ ከማጠፊያው ያለው ርቀት ሽቦው ከተያያዘበት ቦታ ርቀት አራት እጥፍ ቢሆን፣ ያቺ 5 ሚሊሜትር እግር ሥር 20 ሚሊሜትር ባዶ ጉዞ ትሆናለች። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሁለት ሳንቲሜትር ረግጦ ምንም አይሰማም፤ ከዚያ ሞተሩ በድንገት ይነሣል። በተጨናነቀ መንገድ ላይ መኪናው የሚንገጫገጨው፣ ዳገት ላይ ሲነሣ የሚጠፋው ወይም የሚዘለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በላይኛው ጫፍ የሚጎድለው 13 ዲግሪ ግን ሁልጊዜ አይሰማም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚፈልገው አየር ትንሽ ስለሆነ ግማሽ የተከፈተች ቢራቢሮም ትበቃዋለች። ጉድለቱ የሚጋለጠው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞርና ጭነት ሲበዛ ነው፤ አምስት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ወይም ከከተማ ውጭ ከባድ መኪና ሲያልፍ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷን ሒሳብ ታክልበታለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ርግበቱ ያልታወቀበት መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያቃትተው አንድም በዚህ ነው። ከፍታው የወሰደውን ሩብ ገመድ ማጥበቅ አይመልሰውም፤ ያጠበቀ ሰው መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ርግበት ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ወዲያው «ሽቦው ተለጥጦ ነው» ይላል። ሽቦው በእርግጥ በዓመታት ጥቂት ይለጠጣል፤ ዋናዎቹ ጥፋተኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው። አንደኛው የፔዳሉ ክንድ ላይ ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው፤ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ወድቆም ሽቦው በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ይዋልላል። ሁለተኛው በግድግዳው ላይ ያለው የሰገባ መቀመጫ ነው፤ ጎማው ደርቆ ሲላላ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ሰገባው አብሮ ይጎተታል። ሦስተኛው ሞተሩ ላይ ያለው መያዣ ብረት ነው፤ ብሎኑ ላልቶ ወይም ብረቱ ጎብጦ ይገኛል። አራተኛው የሰው እጅ ነው። ሞተር ሲወርድና ሲወጣ ገመዷ ከቅንጥቧ ወጥታ በሌላ መንገድ ትታሰራለች፤ ወይም ማስተካከያ ዳዶዎቹ ፊት ከነበሩበት ቦታ ውጭ ይጠብቃሉ። ከጥገና በኋላ የመጣ ርግበት ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸኛው ነው።

ምርመራው ሁለት ሰውና አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ሞተሩ መጀመሪያ እስኪሞቅ ይሠራል፤ ከዚያ ይጠፋል። መሞቁ ምክንያት አለው። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ብርድ ላይ ሚኒሞአቸውን፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ የሚዞሩበትን ፍጥነት፣ ከፍ ለማድረግ ቢራቢሮዋን በትንሹ ከፍተው ይይዟታል፤ በዚያ ሰዓት ገመዷን የነካ ሰው ሳትረግብ የረገበች ትመስለዋለች። እሱን አምኖ ያጠበቀ ሰው ሞተሩ ሲሞቅ ቢራቢሮዋ መዘጋት አቅቷት ያገኛታል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነም ፓርክ ላይ ይሆናል። የአየር ማጣሪያው ክዳን ወይም ቱቦ ይነሣና ቢራቢሮዋ ትታያለች።

አንዱ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሌላው ቢራቢሮዋን ያያል። እስከ ማቆሚያዋ ድረስ ተከፍታ ከአየሩ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ካለች ሙሉ ክፍት ናት። ያኔ ተመልካቹ ዘዋሪዋን ብረት በእጁ ገፋ ያደርጋል፤ ተጨማሪ ከተንቀሳቀሰች የጎደለው ያ ነው። ካርቡራቶሬ ባለው መኪና ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ጥሩ አይደለም። እያንዳንዱ ርግጫ ቤንዚን ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ሞተሩ ኋላ ሲነሣ ያስቸግራል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ርካሽ ፍተሻ አለ፤ ምንጣፉን ማንሣት። ድርብ ምንጣፍ ወይም ወደ ፊት የተንሸራተተ ጎማ ፔዳሉን ከወለሉ በፊት ያቆመዋል፤ ከዚህም የከፋ ፔዳሉን ረግጦ ሊያስቀረው ይችላል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 አሜሪካ ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የተመለከተ ጥሪ ያወጣው በምንጣፍ ምክንያት ነበር፤ ፔዳሉ በምንጣፉ ጠርዝ ተይዞ እንዳይቀር በመስጋት።

አሁን ወደ ማጥበቁ። በኮሮላና በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች የሰገባው ጫፍ ጥርስ አለው፤ በመያዣው ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ዳዶዎች ይይዙታል። አንደኛው ይላላል፤ ሁለተኛው ይዞራል፤ ሰገባው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይገፋል። ከዚያ ሁለቱ ዳዶዎች ብረቱን መሐል አድርገው ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ዝገት የበላውን ዳዶ በጉልበት ማዞር ሰገባውን አብሮ ያጠማዝዘዋል፤ አንድ ቁልፍ ሰገባውን ወይም ሁለተኛውን ዳዶ መያዝ አለበት። ቮልስዋገን ቢትል ሌላ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሽቦው በወለሉ መሐል ባለው ቱቦ አልፎ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ተጉዞ ካርቡራቶሬው ላይ በትንሽ ብሎን ይነከሳል፤ ማስተካከያው ያችን ብሎን አላልቶ ሽቦውን መሳብ ነው።

ምን ያህል ይጠበቅ? የቮልስዋገን የጥገና መመሪያ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንኳ በካርቡራቶሬው ምላስና በማቆሚያው መሐል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንዲቀር ያዝዛል። ምክንያቱም የእግርን ጉልበት መሸከም ያለበት የፔዳሉ ማቆሚያ ነው እንጂ ገመዷ አይደለችም። ክፍተቱ ካልተተወ አሽከርካሪው በረገጠ ቁጥር ሽቦውን ካርቡራቶሬው ላይ ይጎትተዋል፤ አንድ ቀንም ይበጠሳል። የ1990ዎቹ የሆንዳ መመሪያዎች ደግሞ እግር ከፔዳል ተነሥቶ ሳለ ሽቦው ወደ ጎን ሲገፋ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር እንዲጎብጥ ይጠይቃሉ። አሥር ሚሊሜትር ብዙ ይመስላል፤ ግን አይደለም። 15 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ መሐሉ ላይ 10 ሚሊሜትር ወደ ጎን እንዲሄድ የሚያስፈልገው ትርፍ ርዝመት ከ1.3 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ሽቦው በጣት ሲነካ ጥቂት መጎበጡን አይቶ «ረግቧል» ብሎ የሚደመድም ሰው ጤነኛውን ሊያጠብቅ ነው።

ያቺ ሚሊሜትር ያለ ምክንያት አልተተወችም። ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ ስለተቀመጠ ማርሽ ሲገባና ነዳጅ ሲሰጠው ይወዛወዛል። ገመዷ ጭራሽ ትርፍ ከሌላት ሞተሩ ራሱ በመወዛወዙ ቢራቢሮዋን ይከፍታታል፤ በመጥፎ መንገድ ላይ መኪናው ሳይረገጥ ይነሣል፣ ይወድቃል። የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ያለቁበት መኪና ላይ ይህ ይብሳል፤ እዚያ ላይ ገመድ ከማጥበቅ በፊት ጎማዎቹን መቀየር ይቀድማል።

ማስተካከያ ዳዶ የሌላቸው መኪኖችም አሉ። የ1990ዎቹ ጂፕ ቼሮኪ ባለ 4.0 ሊትር ሞተር ለዚህ የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ ባለጂፖች የተለመደ መፍትሔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ የሚያስርበት የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። በፔዳሉ ክንድና በሽቦው ጫፍ ባለው ቋጠሮ መሐል ማሰሪያው በሽቦው ላይ ይጠመጠማል፤ ይጠብቃል፤ ትርፉ ጭራ ከሥሩ ይቆረጣል። የማሰሪያው ስፋት ያህል ርግበት ይጠፋል። አንድ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ መሐል ምርመራው ይደገማል። ጭራውን በደንብ መቁረጥ የይምሰል አይደለም፤ የቀረች ስለታም ጫፍ ምንጣፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ልትይዝ ትችላለች።

ለምን በፔዳሉ በኩል? በሙቀቱ ምክንያት። ተራው የናይለን ማሰሪያ ያለማቋረጥ የሚችለው ሙቀት እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለ ቦታ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። በሞተሩ በኩል ማድረግ ግድ ከሆነ ፕላስቲኩ ቀርቶ በአንድ ጎኗ የተሰነጠቀች የብረት ሮንዴላ በሰገባው ጫፍና በመያዣው ብረት መሐል ትገባለች። ስንጥቁ ሽቦውን ሳይፈቱ ለማስገባት ነው፤ ሮንዴላዋ ግን ተመልሳ እንዳትወጣ ስንጥቁ ከሽቦው ትንሽ ብቻ መስፋት አለበት፣ ሰገባውም መቀመጫው ላይ በሚገባ መግጠም አለበት። ከሁለት ሮንዴላ በላይ ከተደራረበ የሰገባው ጫፍ ከመቀመጫው ሊያፈተልክ ይቃረባል። ያ ሁሉ ርግበት ካለ ያልታየ የተሰበረ ነገር አለ ማለት ነው።

ጥገናው የሚያስፈራው ረግቦ ሲቀር ሳይሆን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ነው። የረገበ ገመድ መኪናውን ያደክመዋል፤ የጠበቀ ገመድ ግን አሽከርካሪው እግሩን ሲያነሣ ቢራቢሮዋ እንዳትዘጋ ያደርጋታል። ሚኒሞ ከፍ ይላል፤ አውቶማቲኩ መኪና ፍሬን ካልተያዘ ይገፋል። ነዳጅ በኮምፒዩተር በሚሰጣቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ስውር ጉዳት አለ፤ ብዙዎቹ ቢራቢሮዋ ፈጽማ መዘጋቷን የሚያውቁበት ትንሽ መገናኛ አላቸው። ቢራቢሮዋ በግማሽ ሚሊሜትር ብትከፈት ኮምፒዩተሩ እግር ያለ ይመስለዋል፤ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን አይቆርጥም፤ ሚኒሞውንም በትክክል አይቆጣጠርም። ባለመኪናው ጉልበት ፈልጎ ነዳጅ የሚበላ መኪና ይተርፈዋል።

የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 124 ከእ.ኤ.አ. መስከረም 1973 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይህንን ስጋት ይዞ ነው። ደንቡ እግር ሲነሣ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ የሚመልሱ ቢያንስ ሁለት የጉልበት ምንጮች እንዲኖሩ ያዝዛል፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲመልስ። ክብደታቸው እስከ 4,536 ኪሎ ግራም ለሆኑ መኪኖች የሚፈቀደው ጊዜ አንድ ሰከንድ ነው፤ ለከባዶቹ ሁለት ሰከንድ፣ በከባድ ብርድ ለሁሉም ሦስት ሰከንድ። ከደንቡ ውጭ ላለ ባለመኪናም ትምህርት አለው። ገመድ የሚያጠብቅ ሰው መላሽ ሞላዎቹን አብሮ ይቁጠር፤ አንዱ ከጠፋ ወይም ከላላ መጀመሪያ እሱ ይተካ።

ስለዚህ ከማጥበቅ በኋላ ያለው ፈተና ከፊተኛው ይበልጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ በድንገት ይለቀቃል፤ ዘዋሪዋ ብረት ቶሎ ተመልሳ ማቆሚያዋን ስትመታ ድምፅ ይሰማል። በዝግታ ከተመለሰች ወይም መሐል ከቀረች መኪናው አይነዳም። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ሚኒሞው ከመጠበቁ በፊት ከነበረው ጋር ይነጻጸራል፤ ከፍ ካለ ገመዷ ከልክ በላይ ጠብቃለች። የመጀመሪያው ጉዞ ሰውና መኪና በማይበዛበት ሜዳ መንገድ ላይ ይሁን። መኪናው እየተነዳ ሞተሩ አልመለስ ካለ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ፍሬን አጥብቆና ሳይለቁ መያዝ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ፣ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት። ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ አይገባም፤ ቢራቢሮዋ ክፍት ሳለች ለፍሬኑ የሚያግዘው ቫኪዩም ቶሎ ያልቃል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ ቶዮታ ሁለተኛ ገመድ አለው። ከዚያችው ዘዋሪ ብረት አጠገብ ተነሥታ ወደ ካምቢዮው ትወርዳለች፤ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜና የዘይቱን ግፊት የምትወስነው እሷ ናት። መመሪያው ቢራቢሮዋ ሙሉ ስትከፈት በሽቦው ላይ በተነከሰችው ምልክትና በሰገባው ጎማ ጫፍ መሐል ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ብቻ ይፈቅዳል። የነዳጅ ገመድ መስሎት እሷን ያላላ ሰው የዘይቱን ግፊት አውርዶ የካምቢዮውን ፍሪሲዮኖች ያቃጥላል፤ ጥቂት ብር ለመቆጠብ የተጀመረ ሥራ ካምቢዮ ያስወርዳል። መለያው ቀላል ነው። አንደኛዋ ከተሳፋሪው ክፍል ትመጣለች፤ ሁለተኛዋ ከታች ከካምቢዮው።

ሲደመር፣ ርካሹ ጥገና የሚገባው ሽቦው ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ቀጭን ክር እንኳ ተበጥሶ ከተተረተረ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ የተበጠሰው ክር ሰገባው ውስጥ ገብቶ ገመዷን ክፍት እንደሆነች ሊቀረቅራት ይችላል። ዝገት የታየበት፣ ሰገባው የተሰበረ ወይም ሲሳብ የሚሻክር ገመድም ይቀየራል። ዘይት መጨመር ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም፤ ውስጡ በናይለን ወይም በቴፍሎን የተለበጠ ገመድ ሳይቀባ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ ግራሶ ሲገባበት አቧራ ይይዛል፣ ጊዜ ሲያልፍም ይወፍራል።

አዲስ ገመድ ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው አሮጌውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። የሰገባው ርዝመት ብቻ አይበቃም፤ ሽቦው ከሰገባው የሚተርፍበት ርዝመት ዋናው ቁጥር ነው፤ እሱ 5 ሚሊሜትር ከበለጠ አዲሱ ገመድ ገና ሲገጠም የረገበ ነው። ጃፓን ውስጥ ከሚነዳ የቀኝ መሪ መኪና የተፈታ ገመድ ደግሞ ስሙና ሞዴሉ አንድ ሆኖ ርዝመቱ ሊለይ ይችላል፤ ፔዳሉ ያለው በሌላው ጎን ነውና። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ የጫፎቹን ቋጠሮዎች አመሳስሎ፣ በሜትር ለክቶ መግዛት ነው። ከተገጠመ ከአንድ ሳምንት መንዳት በኋላም ዳዶዎቹ ዳግም ይፈተሹ፤ አዲስ ሰገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀመጫው ላይ ጥቂት ስለሚሰምጥ አንድ ዙር ያህል ማጥበቅ ሊያስፈልገው ይችላል።